ትንሿ አሽ በደጃፋችን፦ ከላስ ቬጋስ የሦስት ዓመት የሥራ ማስታወሻ

(ቀኖቹ ሁሉ በምንኖርበት አገር አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ሴፕቴምበር 18 ቀን 2022

በቤታችን ፊት ለፊት የነበረው ትልቁ ዛፍ ዛሬ ተቆርጦ ወደቀ። የላስ ቬጋስን የቆዩ ሰፈሮች የሞላው፣ ሞዴስቶ የሚባለው፣ እዚህ በእንግሊዝኛ አሽ ከሚሏቸው ዛፎች አንዱ ዓይነት ነበር። ከእኛ በፊት በቤቱ የኖሩት ሰዎች በሣሩ መሃል የተከሉት ሲሆን፣ የግንዱን ቀለበት ስቆጥር ሃያ ስድስት ደረሰልኝ። ባለፉት ሁለት የሙቀት ወቅቶች ከጫፉ እየደረቀ መጥቶ ዘንድሮ አናቱ ላይ አንድም ቅጠል አላወጣም።

ሠራተኞቹ ጉቶውን ነቅለው ሲያወጡ አጠገባቸው ቆሜ የሥሩን አኳኋን ተመለከትኩ። እንደ ክንድ የወፈሩት ሥሮች በሙሉ ሠላሳ ሳንቲ ሜትር እንኳ ሳይወርዱ በአግድም ተዘርግተዋል፤ ወደ ታች የሄደ ወፍራም ሥር አልነበረም። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። የሣሩ መርጫ በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለሚረጭ ውኃው ከላይኛው አፈር አያልፍም ነበር፤ ዛፉም ሥሩን የዘረጋው ውኃው ወዳለበት ነው። እኔ ደግሞ በ2021 ውኃ ልቆጥብ ብዬ የመርጫውን ሰዓት በግማሽ ስቀንሰው፣ ሣሩ እየሳሳም ቢሆን ሲኖር ዛፉ የሚጠጣው አጣ። አውቄ አላደረግሁትም፤ ቢሆንም የገደልኩት እኔ ነኝ። ይህን ማስታወሻ የጀመርኩትም በቦታው የሚተካው ዛፍ በዚያው መንገድ እንዳይሄድብኝ ነው።

ሣሩን ለማንሳት ለደቡብ ኔቫዳ የውኃ ባለሥልጣን አመልክቻለሁ። ባለሥልጣኑ ሣሩን አንስቶ ውኃ በማያባክን ተክል ለሚተካ የቤት ባለቤት በካሬ ጫማ 3 ዶላር ይከፍላል፤ የእኛ ሣር 450 ካሬ ጫማ ነው። ይሁን እንጂ ሣሩ ከመነሳቱ በፊት ቦታው መታየት አለበት፣ የሚተከሉትም ተክሎች አድገው ሲያበቁ ቢያንስ የቦታውን ግማሽ በቅጠላቸው መሸፈን ይኖርባቸዋል። ይህን ሁለተኛውን ግዴታ ወድጄዋለሁ፤ ሣሩን ነቅሎ ጠጠር ብቻ ያፈሰሰ ሰው ቤት አጠገብ በጁላይ ከሰዓት በኋላ ያለፈ ሁሉ ምክንያቱን ያውቀዋል።

ኦክቶበር 2 ቀን 2022

ሁለት ሳምንት ሙሉ ዛፍ ስመርጥ ሰነበትኩ። ቦታው ጠባብ ነው፤ ከግንቡ እስከ መኪና መግቢያው ስድስት ሜትር ይሆናል፣ ወደ ምዕራብ የሚያይ መስኮትም አለን። አሥራ አምስት ሜትር የሚደርስ ዛፍ ዳግመኛ አያስፈልገኝም።

በመጨረሻ የመረጥኩት ሌላ አሽ ነው፤ ይህን የሰማ ሁሉ ይገረማል። ሞዴስቶ ፍራክሲነስ ቬሉቲና ከሚባለው ዝርያ ተመርጦ የተባዛ ሲሆን፣ ያ ዝርያ በዱር የሚበቅለው በወንዝና በጅረት ዳር ነው፤ በረሃ ውስጥ ቢገኝም እግሩን ውኃ ውስጥ አድርጎ የሚኖር ዛፍ ነው ማለት ይቻላል። ያሁኗ ግን ፍራክሲነስ ግሬጊ ናት፤ እዚህ ባለ ትንሽ ቅጠል አሽ ይሏታል። አገሯ ሰሜን ሜክሲኮና ምዕራብ ቴክሳስ፣ በጥቂቱም ደቡባዊ አሪዞና ሲሆን፣ የምትበቅለው በኖራ ድንጋይ ገደላ ገደልና በደረቅ ሸለቆ ጥግ ነው። አሳ ግሬይ የተባለው አሜሪካዊ የዕፅዋት ሊቅ በ1876 ሲሰይማት፣ በዚያ በረሃ ሲነግድ ዕፅዋት ይሰበስብ በነበረው በጆሳያ ግሬግ ስም ነው የጠራት። ከአራት ተኩል እስከ ስድስት ሜትር ብቻ ታድጋለች፤ ከሥሯ ብዙ ግንድ ታወጣለች፤ ቅጠሏ ጥቃቅን፣ ወፈር ያለና እንደ ቆዳ ጠንካራ ነው። የብርዱ ወቅት ካልበረታ በስተቀር ቅጠሏን ሙሉ በሙሉ አታራግፍም።

አንድ ብቻ እንጂ ሦስት አሽ አልተክልም። ከምሥራቅ እስያ የመጣው አረንጓዴ የአሽ ጥንዚዛ በ2002 ሚሺጋን ውስጥ ከታየ ወዲህ በሚሊዮን የሚቆጠሩ አሽ ዛፎችን ፈጅቷል፤ በ2013 ኮሎራዶ ውስጥ ቦልደር ደረሰ፣ በዚህ ዓመት ደግሞ ኦሪገን ውስጥ ታየ። በመሆኑም የቀረው ቦታ ለበረሃ አኻያና ለቁጥቋጦዎች ይሆናል።

ማታ ለእናቴ ስልክ ደውዬ ስለ ዛፏ ነገርኳት። የአሽ ዘር ከወይራና ከጠምበለል ጋር አንድ ቤተሰብ መሆኑን ስነግራት፣ «እንዲህ ከሆነማ ልጄ፣ እስቲ ቅርንጫፏን አጭሰሽ ሽታውን ንገሪኝ፤ ለእርጎ ዕቃ ትሆን እንደሆነ» አለችኝ። ገና አልተተከለችም፤ እናቴ ማጠኛ አድርጋታለች።

ኦክቶበር 15 ቀን 2022

ጉድጓድ ከመቆፈሩ በፊት ወደ 811 ደውዬ የጋዝና የመብራት መስመሮቹ በቀለም ምልክት እንዲደረግባቸው አስደረግሁ። ጥሪው ነፃ ሲሆን፣ ከመቆፈሩ ቢያንስ ሁለት የሥራ ቀን ቀደም ብሎ መደወል ያስፈልጋል።

ቁፋሮው ግን አካፋ የሚቀበል አልነበረም። ከሠላሳ አምስት ሳንቲ ሜትር በታች ካሊቼ ገጠመኝ፤ ካሊቼ ማለት ኖራ አፈሩን አጣብቆ እንደ ሲሚንቶ ያደረገው ንጣፍ ሲሆን የዚህ ሸለቆ አትክልተኛ ሁሉ ፈተና ነው። ሁለት ቤት አልፈው የሚኖሩት፣ አገር ቤት በወጣትነታቸው የግብርና ልማት ሠራተኛ የነበሩት አባት ድምፁን ሰምተው መጡ። «ጋሼ፣ እባክዎ ይቀመጡ» ብላቸውም አልሰሙኝም፤ ቤታቸው ተመልሰው አንድ ሜትር ከሰማንያ የሚሆን ድጅኖ ይዘው መጡና ለእኔና ለወንድሜ ልጅ አሠራሩን ማሳየት ጀመሩ። ድጅኖውን በኃይል መወርወር ዋጋ የለውም፤ አንድ ነጥብ ላይ ደጋግሞ እየጣሉ፣ ስንጥቁ ሲጀምር ውኃ አፍስሶ አሳድሮ መመለስ ነው። ንጣፉ አሥራ ስምንት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ነበረው። ሙሉውን ማንሳት ስለማይቻል፣ በመሃሉ ውኃ ማውረጃ ቀዳዳ አበጀንለትና ከሥሩ ያለው ጠጠራማ አፈር ላይ ደረስን።

ቀጥሎ ፍተሻው መጣ። ጉድጓዱን በውኃ ሞልቼ አንዴ እስኪሰርግ ጠበቅሁና እንደገና ሞልቼ በማስመሪያ ለካሁት። በሰዓት ከሁለት ተኩል ሳንቲ ሜትር በታች ቢወርድ ሥሩ ይታፈናል፤ የእኛው በሰዓት ስድስት ሳንቲ ሜትር ወረደ። ያ ቀዳዳ ባይኖር ኖሮ ዛፏን የምንተክላት ገንዳ ውስጥ ነበር ማለት ነው።

ጋሼ ላባቸውን እየጠረጉ የዛፏን ስም ጠየቁኝ። «አሽ» ስላቸው (ቃሉ በእንግሊዝኛ አመድ ማለትም ነው)፣ «አመድ? ይህን ሁሉ ድንጋይ የፈለጥነው ለአመድ ነው?» ብለው ሳቁ።

ኦክቶበር 22 ቀን 2022

ተተከለች። ከችግኝ መሸጫው የገዛኋት በአምስት ጋሎን ማሰሮ ያለችውን ሲሆን ቁመቷ አንድ ሜትር ከአሥር ነው። የአሥራ አምስት ጋሎኗ ለዓይን ታምራለች፣ ዋጋዋም ሦስት እጥፍ ነው፤ ሆኖም በትልቅ ማሰሮ የቆየ ችግኝ ሥሩ ተጠቅልሎ የመቅረት ዕድሉ ሰፊ ስለሆነ፣ አዲስ መሬት ለመልመድም ብዙ ጊዜ ስለሚወስድበት ትንሿን መረጥኩ። የእኔዋም ቢሆን ሁለት ሥር ማሰሮውን ዞረው ነበር፤ አንዱን በእጄ ፈትቼ ዘረጋሁት፣ ሁለተኛው ደርቆ ስለነበር በመቀስ ቆረጥኩት።

ጉድጓዱ የማሰሮውን ሦስት እጥፍ ስፋት አለው፤ ጥልቀቱ ግን ከማሰሮው አይበልጥም፣ የማውረጃው ቀዳዳም በጠጠራማው አፈር ተሞልቶ ተጠቅጥቋል። ግንዱ ወደ ሥር መስፋት የሚጀምርበት ቦታ ከመሬቱ ገጽ ሁለት ጣት ያህል ከፍ እንዲል አደረግሁ። የመለስኩት የወጣውን አፈር ራሱን ነው፤ ፍግም ሆነ የተገዛ አፈር አልጨመርኩበትም፤ ሥሩ የሚመች ጉድጓድ ካገኘ ከዚያ ወጥቶ መሄድ ስለማይፈልግ። ከላይ ሰባት ሳንቲ ሜትር የተፈጨ እንጨት ጉዝጓዝ አደረግሁ፣ ግንዱን ግን እንዳይነካው ጥቂት አራቅሁት። ውኃ በሚያንጠባጥቡት፣ ገበያ ላይ ድሪፐር በሚባሉት አፍንጫዎች ሦስቱን ከማሰሮው አፈር ጠርዝ ላይ ተከልኩ፤ እያንዳንዳቸው በሰዓት ሁለት ጋሎን ይሰጣሉ።

ጃኑዋሪ 9 ቀን 2023

ቅጠሏ ግማሽ ያህሉ ረገፈ። ደንግጬ ነበር። በጥፍሬ ከቅርንጫፉ ልጥ ጥቂት ፋቅሁ፤ ከሥሩ አረንጓዴና እርጥብ ነው። ደህና ናት፤ ብርዱን እየተቀበለች ነው።

ሜይ 14 ቀን 2023

አዲሱ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ወጣ። የቅጠሉ ሥጋ ቢጫ ሲሆን ጅማቱ አረንጓዴ ነው፤ ጫፍ ላይ ያሉት ለጋዎች ይብሳሉ፣ ያምናዎቹ ደህና ናቸው። ይህ መልክ የብረት እጥረት መሆኑን የሚያሳይ ነው። ይሁን እንጂ በመሬታችን ውስጥ ብረት ጠፍቶ አይደለም፤ አፈሩ ኖራማ ስለሆነ ብረቱ ሥር በማይወስደው መልክ ታስሮ ይቀመጣል፣ አፈሩ ሁልጊዜ ረጥቦ አየር ሲያጣ ደግሞ ችግሩ ይብሳል።

አፈሩ ለምን ረጠበ? ውኃውን በየሰዓቱ የሚከፍተውንና የሚዘጋውን ታይመር ሄጄ ሳየው በማርች ወር ራሴ ያስገባሁት ትእዛዝ «በየሁለት ቀኑ፣ ሃያ ደቂቃ» ይላል። ባለፈው ዓመት የገደልኩትን ዛፍ ውኃ ነፍጌ ስለገደልኩት፣ በዚችኛዋ ላይ ርኅራኄዬ በዝቶ ወደ ተቃራኒው ጥፋት ገባሁ። ለዚያውም ያው የድሮው አጠጣጥ ነው፤ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ፣ ከላይ ከላይ። ለእሷም ያንኑ ጠፍጣፋ ሥር እያሠራሁላት ነበር።

ስለዚህ የሚከተለውን አስተካከልኩ። ውኃው በየሰባት ቀኑ አንድ ጊዜ፣ ለአንድ ሰዓት ተኩል ይከፈታል፤ ሦስቱ ድሪፐሮች በዚያ ጊዜ ዘጠኝ ጋሎን ይሰጣሉ። ውኃው የት እንደደረሰ ለማወቅ በማግሥቱ ጠዋት ጫፉ የሾለ ቀጭን ብረት ወደ አፈሩ እገፋለሁ፤ እርጥብ እስከሆነበት ድረስ ያለ ድካም ይገባል፣ ደረቁ ጋ ሲደርስ ይቆማል። ዛሬ አምሳ አምስት ሳንቲ ሜትር ገባ። ግቤ ስልሳ ነው።

ለቅጠሉም ለጊዜው እርዳታ ያስፈልገው ነበር። በኖራማ አፈር የሚሠራው የብረት ማዳበሪያ ኢዲዲኤችኤ የሚል ምልክት ያለበት ሲሆን፣ ርካሾቹ ዓይነቶች እንዲህ ባለ አፈር ውስጥ ወዲያው ይከሽፋሉ። ዱቄቱ ጥቁር ቀይ ነው፤ ያለ ጓንት ስለበጠበጥኩት ጣቶቼ እንሶስላ እንደሞቀ ሰው ቀልተው ሰነበቱ፣ በሲሚንቶው ላይ የፈሰሰውም እስከ ዛሬ አልለቀቀም።

ኦክቶበር 21 ቀን 2023

አንድ ዓመት። ቁመት አንድ ሜትር ከሃያ አምስት። ከጁን በኋላ የወጣው ቅጠል ሁሉ አረንጓዴ ነው። ድጋፍ እንጨቱን አነሳሁ፤ ነፋስ ያላወዛወዘው ግንድ አይጠነክርምና። ድሪፐሮቹን ስድስት አድርጌ ከግንዱ ስልሳ ሳንቲ ሜትር አራቅኋቸው፤ ከእንግዲህ አንድ ማጠጣት ሁለት ሰዓት ይፈጃል፣ ይኸውም ሃያ አራት ጋሎን ነው።

ጁላይ 11 ቀን 2024

ባለፈው እሑድ፣ ጁላይ 7፣ የከተማዋ አየር ማረፊያ መለኪያ 48.9 ዲግሪ ሴልሺየስ አስመዘገበ፤ በላስ ቬጋስ ከዚህ በፊት ከ47.2 በላይ ተመዝግቦ አያውቅም። በጥላ ስር የተለካው ይህ ከሆነ፣ በጠጠሩና በግንቡ መሃል ያለው ስንት እንደነበር እግዚአብሔር ይወቀው።

የኔ ችግር ግን ሙቀቱ ብቻ አልነበረም። የሌሊት ተረኛ ስለሆንኩ የማድረው ሥራ ቦታ ነው፤ ታይመሩ ሲከፈት የሚያየው ሰው የለም። ሰኞ ጠዋት ስመለስ ከቅጠሏ አንድ ሦስተኛው መሬት ላይ ተነጥፎ፣ የቀረው ጠርዙ እንደ ተቃጠለ ወረቀት ቡናማ ሆኖ አገኘሁት። ብረቱን ወደ አፈሩ ስገፋው አሥር ሳንቲ ሜትር ላይ ቆመ። ጉዝጓዙን ገልጬ ቱቦውን ተከተልኩ፤ መኪና መግቢያው አጠገብ ያለው መገጣጠሚያ በፀሐይ ለስልሶ ከቱቦው ተላቋል፣ ውኃው በሙሉ እዚያው ይፈስ ነበር። በዙሪያው የበቀለውን አረም አይቼ ስንት ጊዜ እንደቆየ ገመትኩ፤ ሁለት ዙር ሳትጠጣ ቀርታለች።

መገጣጠሚያውን በብረት ማጥበቂያ አሰርኩት። በዚያው ምሽት ፀሐይ ከገባች በኋላ ጎማውን በቀጭኑ ከፍቼ ለሦስት ሰዓት ዙሪያዋን እያዘዋወርኩ አጠጣኋት። የደረቁትን ጫፎች ልቆርጥ መቀስ ይዤ ስወጣ ጋሼ ከግንባቸው ማዶ አዩኝና፣ «አትንኪያት ልጄ፤ የደረቀው ላዩ ነው፣ ውስጡን ገና አታውቂውም። ደግሞም ያ ቅጠል ሞቶም ቢሆን ጥላ ነው» አሉኝ። መቀሱን መለስኩት።

ሴፕቴምበር 22 ቀን 2024

ጋሼ ልክ ነበሩ። ደርቀዋል ካልኳቸው አሥራ አንድ ቅርንጫፎች ውስጥ ሰባቱ ከጎናቸው አዲስ ቅጠል አወጡ። አራቱን ዛሬ ቆረጥኩ። አንዱን ቅርንጫፍ እናቴ ባለችው መሠረት አድርቄ ከሰል ላይ አጨስኩት፤ ጭሱ ያው የማንኛውም እንጨት ጭስ ነው፣ የወይራ ሽታ አጠገቡም አልደረሰም። ስነግራት «ዘመድ ሁሉ አንድ አይደለም» ብላ ዘጋችው።

ፌብሩዋሪ 16 ቀን 2025

በዚህ ሳምንት ዘነበ። ካለፈው ጁላይ አጋማሽ ወዲህ፣ ከሁለት መቶ ቀናት በላይ፣ የሚለካ ዝናብ አልወረደም ነበር። በአማካይ ዓመት እንኳ እዚህ የሚዘንበው 106 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ አዲስ አበባ በአንድ የሐምሌ ወር ብቻ ከዚህ በላይ ታገኛለች።

ዝናብ ባልኖረባቸው ወራት አንድ ነገር ተጠራቅሟል። ከኮሎራዶ ወንዝ በሚድ ሐይቅ በኩል የሚመጣልን ውኃ ኖራና ጨው የበዛበት ነው፤ ጀበናችን ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር በድሪፐሮቹ አፍ ላይም፣ እርጥበቱ በሚያልቅበት የአፈር ጠርዝ ላይም ይጋገራል። ከስድስቱ ድሪፐሮች ሁለቱ ሙሉ በሙሉ ተደፍነው አገኘኋቸው። በኮምጣጤ ባሳድራቸውም አልተከፈቱልኝምና ቀየርኳቸው። ዝናቡ መሬቱን ካራሰው ላይ፣ ጨው ወደ ታች እንዲታጠብ ብዬ የአንድ ጊዜውን ውኃ ወደ አራት ሰዓት አረዘምኩት። ከእንግዲህ ይህን በዓመት ሁለት ጊዜ አደርገዋለሁ።

ኤፕሪል 27 ቀን 2025

በቅርንጫፎቿ ላይ ዘር አየሁ፤ ሁለት ሳንቲ ሜትር የማይሞላ፣ ባለ አንድ ክንፍ፣ እንደ ትንሽ መቅዘፊያ ያለ ፍሬ። አበባውን ጨርሶ አላየሁትም፤ ዓይን የሚስብ አይደለምና ሳላስተውለው አልፎ መሆን አለበት።

ከመንገዱ ማዶ ባለው ግቢ ሠራተኞች መጥተው ቁጥቋጦውን ሁሉ በሞተር መቀስ ድቡልቡል አድርገውት ሄዱ። በዚህ ከተማ የዛፍና የኳስ ልዩነት የጠፋ ይመስለኛል። እንዲህ የተከረከመ ተክል ከላይ ቅጠል ብቻ ለብሶ ውስጡ ባዶ ይሆናል፣ የተቆረጠውን ለመተካትም አዲስ ለጋ ስለሚያወጣ ተጨማሪ ውኃ ይፈልጋል። የእኔዋን የነካሁት እርስ በርስ የሚፋተጉ ሁለት ቅርንጫፎችን ለማንሳት ብቻ ነው። አራቱም ግንዶች እንዳሉ ይቀጥላሉ።

ኦክቶበር 19 ቀን 2025

ሦስት ዓመት ሆናት። ቁመቷ አንድ ሜትር ከዘጠና አምስት ደርሷል፤ ከዚህ ውስጥ ከግማሽ ሜትር በላይ የሆነው ያደገው ዘንድሮ ነው። ከተከልኳት በኋላ በሁለቱ ዓመታት ያደገችው ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለነበር ፈዛዛ ናት እያልኩ አማኋት ነበር፤ ለካ ሥራዋ መሬት ውስጥ ኖሯል። አፈሩን የምፈትሽበት ቀጭኑ ብረት አሁን ከግንዱ አንድ ሜትር ርቆም እስከ ሰባ አምስት ሳንቲ ሜትር ይገባል፣ አንድ ቦታ ላይ በጥንቃቄ ስቆፍርም ክር የመሰሉ አዳዲስ ሥሮች ከድሪፐሮቹ አልፈው ሲሄዱ አገኘሁ።

የውኃውን ሒሳብ ከታይመሩ መዝገብ ሠራሁ። ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር በየአሥር ቀኑ፣ በማርችና በኤፕሪል በአጠቃላይ ሦስት ጊዜ፣ በኦክቶበር ሁለቴ፣ በቀሩት የብርድ ወራት በየወሩ አንድ ጊዜ ጠጥታለች፤ ሃያ አራት ጊዜ በሃያ አራት ጋሎን፣ 576 ጋሎን ይሆናል። ጨው ለማጠብ ያረዘምኩት ሲጨመርበትም ከ650 አያልፍም። የውኃ ባለሥልጣኑ አንድ ካሬ ጫማ ሣር ሲነሳ በዓመት 55 ጋሎን ይቆጠባል ይላል፤ በ450 ካሬ ጫማ ሲባዛ 24,750 ነው። ቁጥቋጦዎቹና አኻያውም የራሳቸውን ድርሻ ስለሚጠጡ ልዩነቱ ሁሉ ትርፍ አይደለም፤ ቢሆንም ድርቅ ቻይ የተባለችውም ዛፍ እነዚህን 576 ጋሎኖች ትፈልጋለች፤ ዜሮ ማለት አይደለም። ይህን የምጽፈው በዚህ ሳምንት አንዲት የሥራ ባልደረባዬ «ድርቅ የሚችል ዛፍ ገዝቼ ሳላጠጣው ደረቀብኝ» ብላ ስለነገረችኝ ነው። ተክላ ሁለት ወር እንኳ አልሞላትም ነበር።

በሴፕቴምበር ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ ጥላዋ የምዕራቡን መስኮት ታችኛውን ግማሽ ይሸፍን ነበር። መጋረጃውን ከዚያ ሰዓት በኋላ መክፈት ጀምረናል።

የሚቀጥለው ሥራ ድሪፐሮቹን ከግንዱ ወደ አንድ ሜትር ከሃያ ማራቅ ነው። ቁጥራቸው አሥር መሆን አለበት፤ አራት ይጎድሉኛል፣ ስድስት ሜትር ቱቦና የብረት ማጥበቂያዎችም እፈልጋለሁ። በኖቬምበር ውኃ የሚፈቀደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ስለሆነ፣ የቱቦውን ፍተሻ ከወሩ መጨረሻ በፊት፣ በመጪው ቅዳሜ እጨርሰዋለሁ። ጋሼ ድጅኖውን ይዘው እንደሚመጡ ነግረውኛል፤ ቱቦ ለመቅበር ድጅኖ አያስፈልግም ብላቸውም አልሰሙኝም።